ስለ ሃኒ ዓይን የዘገየ እርማት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ የኔነሽ፤

እንደምን ከርመሻል? የጅቡቲ ሙቀት በረድ አለልሽ ወይ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? ጋሼ ኃይለጊዮርጊስ ስኳራቸውን እየተለኩ ነው ወይስ አሁንም ቴምር እየደበቁ ያታልሉሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንዛችን ደቻቱ በክረምቱ ሞልቶ አስደንግጦን ነበር፤ አሁን ደረቅ አሸዋ ሆኗል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ጉዳይ አለ። መስመሩ ሲቆራረጥ ነገር ይበላሻል፤ ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝና በቅደም ተከተል ካልጻፍኩት አይሆንልኝም።

ልጄ ሃኒ የቀዶ ሕክምና ስልጠናዋን ሦስተኛ ዓመት ይዛለች። አሁን የሚማሩት ሆድ ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና ረጃጅም መሣሪያ አስገብቶ፣ ስክሪን እያዩ መሥራትን ነው። ባለፈው ወር አሰልጣኛቸው ዶክተር ሱፍያን አዲስ ስክሪን ለሙከራ በውሰት አስመጡ። በልዩ መነጽር ሲታይ ምስሉ ጥልቀት አለው፤ የቱ ቅርብ፣ የቱ ሩቅ እንደሆነ ይለያል። አሥራ ሁለቱ ሰልጣኞች በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሽምብራ እየለቀሙ ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ እንዲከቱ፣ አንዴ በተለመደው ጠፍጣፋ ስክሪን፣ አንዴ በአዲሱ፣ በሰዓት ተለኩ።

ሐቁን ለመጻፍ፣ አዲሱ ይበልጣል። በጠፍጣፋው አምስት ደቂቃ የፈጀባቸው በአዲሱ ከአራት በታች ጨረሱ። ሃኒ ብቻ በሁለቱም አራት ደቂቃ። መነጽሩ ተበላሽቶ ይሆናል ተብሎ ተቀየረላት፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ ዶክተሩ የዓይን መመርመሪያ ካርድ አምጥተው «የትኛው ክብ ወጣ ብሎ ይታይሻል?» ቢሏት «ሁሉም ወረቀቱ ላይ ነው» አለች። ሁለቱ ዓይኖቿ ተባብረው አያዩም ማለት ነው።

ያን ቀን ከሆስፒታል እስከ ሳቢያን ቤታችን ድረስ ባጃጅ ሳትይዝ በእግሯ መጣች። «አባዬ፣ ካስወጡኝ ምን እሆናለሁ?» አለችኝ። እኔ ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቅ ነበር።

እትዬ፣ በአምስት ዓመቷ ውሃ ከኩባያው ውጪ ስትቀዳ ያስተዋልሽው አንቺ ነሽ። ሐኪም ዘንድ ወሰድሻት፤ ሰነፉ ዓይን እንዲሠራ ጤነኛውን በየቀኑ በጥጥ እንድንሸፍን ታዘዘ። አንቺ ወደ ጅቡቲ በሄድሽ በሦስተኛው ሳምንት የሰፈር ልጆች «አንድ ዓይና መጣች!» እያሉ ሲያስለቅሷት አላስችል አለኝና ጥጡን አንስቼ ጣልኩት። ላንቺ ግን «በየቀኑ ትሸፍናለች» ብዬ ጻፍኩ። ጋዜጣ ላይ ስሳሳት በማግስቱ እርማት አወጣ ነበር፤ ይህንን ሃያ አራት ዓመት አዘገየሁት። ይቅር በይኝ። ለሃኒም ነግሬያታለሁ። «ጥጡ ያሳክከኝ ነበር» አለችኝ።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ። ዶክተር ሱፍያን ውጤቱን ይዘው ስብሰባ ገቡ። በጠፍጣፋው ስክሪን ከአሥራ ሁለቱ ፈጣኗ ሃኒ ናት፤ የጣለችውም አንድ ሽምብራ ብቻ ነው። ሆስፒታሉ በሽተኛ የሚያክምበት ደግሞ ጠፍጣፋው ነው፤ አዲሱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ትቀጥል ተባለ። በማግስቱ ሌሎቹን እንድታስተምር አቆሟት፤ ዶክተሩ የድሮ አንባቢዬ ናቸውና እኔንም ጠርተውኝ ነበር። ልጅሽ በመሣሪያው ጥላ፣ ካሜራውን በትንሹ በማንቀሳቀስ፣ ጫፉን ቀስ አድርጎ በማስነካት ርቀትን እንዴት እንደምታውቅ አሳየቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ነው የኖረችው።

ከዚያ የሳጥኑ ክዳን ተከፍቶ፣ ያለ ስክሪን አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው እንዲለቅሙ ታዘዙ። ሽምብራውን ስተው አየር ቆነጠጡ። ጓደኛዋ አሚራ «ሃኒ፣ እንዲህ እያየሽ ነው ስትበልጪን የከረምሽው? ወላሂ አልምርሽም!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አሥራ አንድ ሐኪሞች አንቺ ለጥፈሽላት የነበረውን ዓይነት ጥጥ ዓይናቸው ላይ ለጥፈው፣ ልጃችን ፊት ቆመው ይማሩ ነበር።

ባለቤቴ ሙሉነሽ ጉልበትሽን ስማለች። ጋሼ ኃይለጊዮርጊስን ሰላም በይልኝ፤ ቴምሩ ይቅርባቸው። የልጅ ልጅሽን ዳጊን ግንባሩን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን ፋዱሞን በሶማልኛ «ነበድ» ብለሽ ሰላም በያት። ሃኒ ደግሞ የጣለቻትን አንዲቷን ሽምብራ ፖስታው ውስጥ ከታለች፤ «እትዬ ጥፋቴንም ትመልከትልኝ» ብላለች።

ወንድምሽ ሣህሉ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.