ከዘራውን የሚረሳው እንግዳ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ሰማን፤ ቡታጅራ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚነሳብዎት የወገብ ሕመም ዘንድሮ ራራልዎት ወይስ እንደ ልማዱ አጎበጠዎት? እናቴስ ዓይኗ ተሻላት? ሰፍያ ደህና ናት? ላሚቱስ ወለደች? ውሃ የገባበት የጓሮው እንሰትስ ነፍስ ዘራ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የወልቂጤ ጭቃ ክረምቱን ሙሉ እስከ ጉልበቴ ውጦኝ ከርሞ መስከረም ሲጠባ ገና እግሬን መለሰልኝ።

ጋሼ ገብረወልድ የጻፉልዎት ደብዳቤ በጨው ነጋዴው በደበሌ እጅ ደርሶኛል። አሚኑ የሚባል የእህል ነጋዴ ሰፍያን ለማግባት ሽማግሌ እንደላከ፣ ኒካሑም ከረመዳን በፊት እንዲታሰር እንደሚፈልግ፣ ሰውየው አንደበቱ የለዘበ፣ እጁ የተፈታ፣ በመስጊድ ደጅ ሰው ሁሉ እያየው የሚመጸውት እንደሆነ ነግረውኛል። መጨረሻ ላይ «ወንድሟ ነህና ቃልህን ሳልሰማ እሺ አልልም» የሚለውን ሳነብ ለራሴም ትልቅ ሰው መስዬ ታየሁ፤ ያን ቀን ውሃ እንኳ ስቀዳ ቀስ እያልኩ ነበር የምራመደው።

ቃሌን እሰጣለሁ፣ ግን ከመሬት ተነስቼ ብናገር አይገባዎትም። መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ላጫውትዎት። ጋሼ ገብረወልድ፣ ይህን ለአባዬ የሚያነቡላቸው እርስዎ መሆንዎን አውቃለሁ። ቤት ውስጥ እንግዳ ካለ እባክዎ እዚህ ላይ ያቁሙና ሲሄድ ይቀጥሉ።

አባዬ፣ እንደሚያውቁት እትዬ ከድጄ ምግብ ቤት አሳላፊ ነኝ። እትዬ ከድጄ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱባቸው በኋላ ጣልያን ወደ ጅማ በሚሠራው መንገድ ዳር ይህን ቤት ከፈቱ። የካሚዮን ሾፌሩ፣ የመንገድ ሠራተኛው፣ ለጣልያን ወታደርነት የገባው አስካሪ፣ አስተርጓሚው፣ ነጋዴውና ባላባቱ ሁሉ ክትፎና ቆጮ ፍለጋ እዚሁ ይመጣል። ነጭ ከአገሬው ጋር በአንድ ገበታ አይቀመጥም የሚል ትእዛዝ ወጥቷል ይባላል፤ የእትዬ ከድጄ ክትፎ ግን ትእዛዝ ስለማያውቅ ጣልያኖቹ ሾፌሮች በጓሮ በር ይገባሉ። ስለ ሌላው የጊዜው ነገር አልጽፍም። ወረቀት መንገድ ላይ ስንት ዓይን እንደሚያርፍበት እርስዎም ያውቃሉ።

እዚህ ቤት ስገባ ከሁሉ የገረመኝ ጉርሻ ነው። በእጅ የሚጎረሰውን ማለቴ አይደለም፤ እንግዳው የበላበትን ከከፈለ በኋላ ለአሳላፊው ትቶለት የሚሄደውን ገንዘብ ነው። በእኛ ዘንድ የሰው ቤት የበላ ሰው መርቆ ይነሳል እንጂ ገበታ ላይ ገንዘብ ጥሎ ይሄዳል? መጀመሪያ የተወልኝ አንድ ጣልያን ሾፌር ነበር። ረስቶት መስሎኝ ሳንቲሙን ይዤ በጭቃው ውስጥ ካሚዮኑን ተከትዬ ሮጥኩ። እሱ ደግሞ ያነሰኝ መስሎት ሌላ ጨመረልኝ። ያንንም ልመልስ እንደገና ስሮጥ ፊቱ ቀላ፣ በቋንቋው ይጮህብኝ ጀመር። እኔ ልመልስ፣ እሱ ሊያስይዘኝ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሲስቅብን አንድ አስተርጓሚ መጥቶ ገላገለን። ያንተ ነው ሲለኝ ለምን የኔ እንደሆነ ብጠይቀው እሱም አላወቀውም።

ገንዘቡን ለእትዬ ከድጄ ብወስድላቸው እሳቸውም ግራ ገባቸው። አስበው አስበው «የሰው ገንዘብ ያለ ምርቃት ቤቴ አይገባም» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ጉርሻ በተወ ቁጥር እጃቸውን እየጠረጉ ከማድ ቤት ይወጣሉ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፣ የሚበላው ሁሉ እጁን ከገበታው አንስቶ «አሚን» ይላል። ያ ሾፌር መጀመሪያ ሲመረቅ ሊከሱት የተነሱ መስሎት ደነገጠ፤ ኋላ ሲገባው ባርኔጣውን አውልቆ እስኪያበቁ ቆመላቸው። እውነቱን ለመናገር አገራችን የመጣበትን ነገር ባልወድለትም ያን ቀን ሰውየውን ወደድኩት።

ወሬው ወልቂጤን ሞላት። ሳንቲም ትተው የማያውቁ ሰዎች ለመመረቅ ሲሉ መተው ጀመሩ። እኔም ነገሩ እያጓጓኝ ሰውን በዓይኔ መከተል ያዝኩ። አንዳንዱ ቤቱ ሲሞላ ሳንቲሙን ከፍ አድርጎ ይጥላል፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን ግን እጁ ከኪሱ አይወጣም። ማን እንዴት እንደሆነ ቀድሜ ልወቅ ብዬ ብዙ ደከምኩ። መጀመሪያ ማዕረግ ነው አልኩ። በቅሎውን «እመቤት» እያለ የሚጠራ አንድ ባላባት እኔን በፉጨት ይጠራኛልና በማዕረግ ተስፋ ቆረጥኩ። ከዚያ የተማረው ይሻላል አልኩ። ንጹሕ የለበሰ አንድ ጸሐፊ ስለ መልካም አስተዳደር ለጓደኞቹ እያወራ ቅቤ የነካ ጣቱን በነጠላዬ ጠረገ፤ ያውም ሳያየኝ፣ በር ላይ የተሰቀለ ጨርቅ ይመስል። ድሃው ነው ደግ እንዳልል አንድ ድንጋይ ፈላጭ ቆጮው ቀዘቀዘ ብሎ ወረወረብኝ። ስለዚህ ምልክት መፈለጌን ትቼ እያንዳንዱን እንዳመጣጡ ማየት መረጥኩ። የሰው ነገር ውስጡን ለቄስ ነው፤ እኔ ግን ሲበላ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ።

አሁን ወደ ቃሌ ልምጣ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ነጭ ጋቢ የለበሰና ባለ ብር እጀታ ከዘራ የያዘ ሰው ከነጋዴዎች ጋር ገባ። ጓደኞቹ «አሚኑ» ይሉታል። ስለሰሙት ሠርግ ሲጠይቁት የቡታጅራውን የሰማንን ልጅ ሊያገባ እንደሆነ ነገራቸው። አማቼ ነው ብዬ ምርጥ ምርጡን አቀረብኩለት፤ እሱ ግን አያውቀኝም። አንዴ ክትፎው ጥሬ ነው ብሎ መለሰው፣ አብስለን ስናመጣው ደረቀ ብሎ መለሰው። ከጓደኞቹ ጋር ሲነጋገር ማር ነው። እኔን የሚያዘኝ ግን በአገጩ ነበር። ደክሞት ይሆናል ብዬ ምክንያት ፈለግሁለት።

ሲነሱ ጠገራ ብር አውጥቶ ገበታው ላይ አስቀመጠ። አባዬ፣ የሚበላው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ። እዚያ ቤት ለጉርሻ ጠገራ ብር አይተን አናውቅም። እትዬ ከድጄ ወጥተው «ቤትህን ልጅ ይሙላው፣ የምታገባት የተባረከች ትሁን፣ የእጅህን ደግነት እሷም ትየው» ብለው መረቁት። ከሁሉ ጎላ አድርጌ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ፤ የምትመረቀው እህቴ ናትና። ሰውየው ጓደኞቹን አስከትሎ ወጣ።

ጥቂት ቆይቶ ከዘራዬን ረሳሁ ብሎ ብቻውን ተመለሰ። ከዘራውን ከበር ኋላ አነሳ፣ ቀጥሎም ወደ ገበታው ሄዶ ብሩን አነሳና ኪሱ ከተተ። ሳህን ይዤ ቆሜ እንደማየው አይቷል። ፊቱ ላይ እፍረት ፈልጌ አጣሁ። አንድ ነገር እንደሚያስተምረኝ ሁሉ ረጋ ብሎ «ሰው አይቶታል፤ ይበቃዋል» አለኝና ወጣ።

ለእትዬ ከድጄ ስነግራቸው ቶሎ አልፈረዱበትም። ነጋዴ አንዳንድ ጊዜ እጅ ያጥረዋል፣ በጓደኞቹ ፊት ላለማነስ አድርጎት ይሆናል፣ ሰው በአንድ ገበታ አይለካም አሉኝ። እውነት አላቸው ብዬ ቃሌን ያዘገየሁት ለዚህ ነው። በልቤ ግን ይመለስ ይሆን እያልኩ መንገዱን እመለከት ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ መጣ፤ በዚህኛው የከበሩ ሰዎችን ይዞ። ሲገባ ከዘራውን ራሱ ወስዶ በዚያው በር ኋላ ሲያስደግፍ አየሁት። ብሩንም እንደዚያው አወጣ። እትዬ ከድጄ ከፊተኛው ባላነሰ ምርቃት መረቁት፣ ሰዉ አሚን ሲል ግን ጎንበስ ብለው ብሩን አነሱና መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ይበል? ፈገግ ብሎ እንግዶቹን ሸኘ። ከዘራውን ሊያነሳ ሲመለስ ገበታው ባዶ ነው። ብሩን ማን እንዳነሳው ዓይኑ እያየ፣ እኔን አንገቴን ይዞ ሌባ አለኝ፣ በከዘራውም ትከሻዬን መታኝ። እናቴ እንዳትጨነቅ፣ አሁን ደህና ነኝ፤ እንጨት ስሸከም ብቻ ነው የሚሰማኝ።

እትዬ ከድጄ ከማድ ቤት ወጡ። አልጮኹም። መቀነታቸውን ፈትተው ብሩን በመዳፋቸው ዘረጉለትና «ብርህ ይኸውና። ምርቃታችንንስ በምን ትመልሰዋለህ?» አሉት። ብሩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ወጣ። እትዬ ከድጄም ገበታውን መጥረግ ጀመሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምርቃትን ተከትሎ ማን ይይዘዋል? ያን ቀን ግን ሌላ ሰው ጉርሻ ሲተው ለመመረቅ ከማድ ቤት አልወጡም። ከትከሻዬ ይልቅ ያ አመመኝ።

የማን ልጅ እንደሆንኩ ያልነገርኩት ፈርቼ እንዳይመስልዎት። ብነግረው ኖሮ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ እናንተ ዘንድ ይደርስና በዚያ ምላሱ ሁሉን ያሳምረው ነበር።

እንግዲህ አባዬ፣ ቃሌ ይኸው። ሰው ንፉግ ቢሆን አይገርመኝም፣ እኔም ሳንቲም ከእጄ ሲወጣ ያመኛል። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ይህ ሰው ለሙሽራዋ የሚገባትን መህር በሽማግሌና በምስክር ፊት ያለ ጥርጥር አሳምሮ ይሰጣል። እናንተም ትመርቁታላችሁ፣ ቡታጅራም አሚን ይላል። ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ከገባችሁ በኋላ ግን ተመልሶ ቢወስድባት ማን ያይላታል? በሩን ዘግቶ ሌባ ቢላት፣ ከዘራውን ቢያነሳስ? እትዬ ከድጄ እዚያ የሉ፣ እኔም የለሁ። ሽማግሌ መጥቶ መመለስ ከባድ እንደሆነ፣ ስምዎ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ቢሆንም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ ረመዳን ይለፍ፣ ቀን ይጨመር። ሴት ልጅ ሳትጠየቅ አትዳርም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ይጠይቋት፣ ግን ይህን ሳትሰማ አይጠይቋት።

እናቴን ኡሚን እጇን ሳሙልኝ፤ ዓይኗን አመድ በነካ እጇ እንዳትነካካው። ለአጎቴ ለሽፋ ሰላምታዬን ንገሩልኝ፤ የላከልኝ ቆሎ እስከ ዛሬ አለ፣ ጥርሴ ነው ያለቀው። ለጋሼ ገብረወልድና ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተ ሐና ሰላምታዬ ይድረስ፤ ረዥም ወረቀት ስላስነበብኳቸው ይቅር ይበሉኝ። እትዬ ከድጄም ሳያውቋችሁ ሰላም ብለዋችኋል።

እህቴ ሰፍያ፣ አንቺን መጨረሻ ያደረግሁሽ የምነግርሽ ስላለኝ ነው። ከሰማሽ በኋላ እሺ ብትዪም ወንድምሽ ነኝ፣ እምቢ ብትዪም ወንድምሽ ነኝ። እምቢ ካልሽ ግን ሰው ምን ይለኛል ብለሽ አትፍሪ። ሰው በልቶ ይሄዳል፤ ቤቱ ውስጥ የምትቀሪው አንቺ ነሽ።

ልጅዎ ሸረፋ ሰማን
ወልቂጤ፣ መስከረም ፲ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.