የመስኮቱ ሳህን

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱ ቀን፣ አቃቂ

ዛሬ የመኪና ጭስ በጤናችን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያጠኑት ተመራማሪዎች ከእድራችን ሊቀመንበር ጋር መጡ። አቧራ እንዲሰበስብ መስኮቴ ላይ ያስቀመጡትን ሳህን አይተው ተገረሙ። የጎረቤቶቼ ሁሉ ጠቁሯል፤ የእኔ ነጭ ነው።

«ከባድ መኪናው እማማ ደጅ ሲደርስ ትንፋሹን ይይዛል እንዴ?» አለ ሊቀመንበሩ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳህኑን በየማለዳው በሳሙና እንደማጥበው አልነገርኳቸውም። አይነካ ማለታቸውን ሰምቻለሁ፤ ግን እንግዳ የሚያየው ዕቃ ቆሽሾ ማደሩን አልቻልኩትም።

አንዷ ተመራማሪ መዝገቧን ገልጣ፣ «እንግዲህ የልጅ ልጅዎ ሶስና ለሳንባ ምርመራ አሁን አትላክም። ቅድሚያው ሳህናቸው ለጠቆረ ቤቶች ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ እንኳ ሳህኑን ማጠቤን ለመናገር አፈርኩ።

ከሄዱ በኋላ ሳህኑን አላጠብኩትም። አመሻሹ ላይ ብዳስሰው ጣቴ ጥላሸት ሆነ። በግማሽ ቀን ብቻ። ሶስና ከዚያ መስኮት ሥር መተኛት ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው።

ነገ ሳህኑን እንደቆሸሸ ይዤ ሊቀመንበሩ ዘንድ እሄዳለሁ። ዘግይቼ እንዳይሆን እፈራለሁ። ይኸው አሁንም ታስላለች።