የእማዬ ሐምራዊ

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጎንበስ ብለህ ስትሠራ ወገብህን አሁንም ይይዝሃል? ምሳህንስ በሰዓቱ ትበላለህ? የሰው ሰዓት ሲጠግን ውሎ የራሱን ምሳ ሰዓት የማያውቅ እያለች እማዬ ስትቀልድብህ ትዝ ይለኛል። እኔ በአካል ደህና ነኝ።

ባለፈው ደብዳቤህ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንቀላፍቼ ስለ ነበር መብራቱ ሲበራ አላየሁም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለህ ጽፈህልኛል። ደብዳቤውን ሁለት ወር በኪሴ ይዤው ዞርኩ። አባዬ፣ መብራቱ አልበራም። ይህን ልነግርህ ነው የምጽፈው።

ጆሮህ ፈጽሞ መስማት ካቆመ፣ እማዬም ልቧ ደክሞ አልጋ ከያዘች በኋላ ነው ያን መብራት ሠርቼ ጠረጴዛህ ላይ ያስቀመጥኩልህ። ውጭ ሰው ሲደውል ሰማያዊ፣ እማዬ አልጋዋ አጠገብ ያለውን ቁልፍ ስትጫን ሐምራዊ እንዲበራ። ሐምራዊውን የመረጠችው እሷ ናት። ዓይን የማይወጋ፣ ፈዘዝ ያለ ይሁንልኝ፣ እኔ እንግዳ አይደለሁም ብላ ሳቀችብኝ። በኋላ የመብራቱ ብርሃን በተከፈተው በር ወደ መኝታዋ እየገባ ሲያስቸግራት አንተ ድምቀቱን ቀነስክላት። ደግ አደረግህ። ማንም ይህንኑ ያደርግ ነበር።

እንጀራዬ ይኸው ነው። መብራቱ ውስጥ ሦስት ጥቃቅን አምፖሎች አሉ፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። የሚያዛቸውን ቺፕ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም እኔ ነኝ የምጽፈው። ድሮ ሦስቱ ለየብቻቸው ነበር የሚታዘዙት። የእኔ ሐሳብ እንደ አንድ መብራት እንዲታዘዙ ነበር፤ ቀለሙ አንዴ ይወሰንና ከዚያ ድምቀቱን ብቻ ከፍ ዝቅ ማድረግ። በዚህ ስንት ወር እንደ ኮራሁ!

ሥራው ከርነል ወደሚባለው፣ ሁሉም ወደሚጠቀምበት የኮምፒውተር እምብርት ፕሮግራም እንዲገባ ግን ሽማግሌው ማሳለፍ ነበረበት። ሽማግሌው የምንለው ያን የኮድ ክፍል የሚጠብቀውን ሰው ነው፤ በኢሜይል እንጂ በአካል አላውቀውም። ስድስት ጊዜ መለሰብኝ። በስድስተኛው፣ ፈዛዛ ቀለም ድምቀቱ በጣም ሲቀነስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ። ታክቶኝ ስለ ነበር፣ እስከዚያ የሚያደበዝዝ ሰው የለም ብዬ መለስኩለት። አመነኝና አሳለፈው።

ለእማዬ ቀብር መጥቼ ስመለስ መብራቱን ከነቁልፎቹ ይዤው ሄጄ ነበር። እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ፣ አንተ በተውክበት ድምቀት የእማዬን ቁልፍ ተጫንኩ። ምንም የለም። የበሩን ስጫን ግን፣ ቀለሙ ከመጀመሪያው ደማቅ ነውና፣ ሰማያዊው ወገግ አለ። አየህ፣ ደህና የሚሠራ የመሰለህ ለዚህ ነው። የእማዬ ቀለም ቀዩ ሃያ፣ ሰማያዊው ዐሥራ ሁለት ነበር፤ ድምቀቱ ደግሞ ከሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ዐሥር ብቻ። ሃያ በዐሥር ሲባዛ ሁለት መቶ ነው፤ ለሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ሲካፈል አንድ አይሞላም። አንድ ያልሞላውን ፕሮግራሜ ዜሮ ብሎ ይጥለዋል። ስንት ጊዜ እንደ ተጫነች መብራቱ ውስጥ ተመዝግቧል። አልነግርህም።

ክዳኑን ልከፍት ስል ብሎኖቹን አየሁ። እኔ ስሠራው እንደ መጣልኝ ነበር ያሰርኳቸው። አሁን ግን የአራቱም ስንጥቅ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፏል፤ እንዲህ የሚያስር እጅ የማን እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ታችኛው ቤት ያለችው ጎረቤታችንም ያን ዕለት ስትገባ አጉሊ መነጽርህን እንዳደረግህ፣ የተፈታ ሰዓት ላይ አቀርቅረህ፣ መብራቱ ፊት ለፊትህ እንዳለ እንዳገኘችህ ነግራኛለች። ጥፋቱን ለምን በራስህ ላይ እንደ ወሰድክ ገብቶኛል። ግን እባክህ አባዬ፣ አንቀላፍቼ ነበር እያልክ ለሰው አታውራ።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። ቀለሙ ዜሮ ካልሆነ ውጤቱም ከአንድ አይነስ ይላል። አንዲት መስመር! ከዚህ በኋላ ለማን እንደሚጠቅም እንጃ። በእኛ ሥራ ማስተካከያ ሲላክ ስህተቱን ያገኘው ሰው ስም ከግርጌ ይጻፋል። ያን ቦታ ባዶውን ሳየው ዋልኩና የእማዬን ስም ከነአባቷ ጻፍኩበት።

ሽማግሌው ትናንት መልሶልኛል። ተቀብሎታል። ይህን ስህተት ለማግኘት ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃልና ላገኙት ሴት ምስጋናዬን አድርስልኝ ይላል።  እሑድ መቃብሯ ዘንድ ስትሄድ አንተ አድርስልኝ፤ እኔ አፍ የለኝም።

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝምልኝ። ዓይንህንም ይጠብቅልኝ፤ እሱ አንድም ቀን አልበደለም።

መብራቱን የሠራው ልጅህ