የምስር ድስታችንን በእግርዎ ስለባረኩልን

ለክብርት ወይዘሮ ሸዋዬ፣
በአረብ ኢምሬትስ፣ በአጅማን አል ራሺዲያ የምንኖርበት ቤት ዋና ተከራይና የዘጠኙ ቤድ ስፔስ፣ ማለትም በየአልጋው የምናከራየው ማደሪያ፣ አዛዥ

ቀመሪያ ሙሄ ትናንት ማክሰኞ ከክሊኒክ ስትመለስ ቀኝ እጇ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ፣ በተለይም ቀኝ እግርዎ ምንም እንዳልተሰማው ተስፋ አደርጋለሁ። ጉዳዩን በአካል ቀርቤ ባስረዳዎ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን እሑድ ልታስረዳዎ የመጣችው አብራን የምትኖረው ሰብሪና በሩ ሲወረወርባት ሁለት ጣቶቿ ስለተጨፈለቁ በጽሑፍ መረጥኩ። ወገኖቻችን ሁሉ እንዲያነቡት ማድረጌም ደግነትዎ በአንድ ቤት ተደብቆ እንዳይቀር በማሰብ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሁለቱ ድስቶች። ቤትዎ በገባን ቀን የሙስሊም ሥጋ በቀይ ድስት፣ የክርስቲያን ሥጋ በጥቁር ድስት፣ ቢላዋውም ለየብቻ እንዲሆን ደነገጉልን፤ ሦስት ዓመት አከበርነው። ሁለቱም ሥጋ ከአንድ ሉካንዳ፣ በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ እንደሚመጣ በዓይናችን እያየን ዝም ማለታችን ለእርስዎ ያለንን አክብሮት ይመሰክራል። አከፋፋይዋም እርስዎ ስለነበሩ፣ ያስቀየመችዎ ሴት ዓርብ ዓርብ አጥንት ብቻ ይደርሳት እንደነበር ማስታወስ አያስፈልገኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ወንጀላችን። በአል ሪጋ ሆቴል አልጋ የምታነጥፈው ቀመሪያ በረመዳን ማግስት ሐኪም ዘንድ ሄዳ የደምሽ ቅባት በዝቷል፣ ሥጋ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃሻል ተባለች። ሦስተኛ ድስት ገዛች። ምስር ክክ በቀይ ሽንኩርት፣ ሲነከር ያደረ ሽምብራ በቲማቲም፣ ሰኞ ባሚያ፣ ረቡዕ ድንች በካሮትና በጎመን ትሠራ ጀመር፤ ከዘይትና ከነጭ ሽንኩርት በቀር ምስጢር የለበትም። ሥጋ ስለሌለበት የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት አምስታችን፣ ሦስት ሙስሊሞችና ሁለት ክርስቲያኖች፣ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፈን ከአንድ ትሪ በላን። ተጎራረስንም። አከፋፋይ አላስፈለገንም፤ ጥፋታችን ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርመራዎ። ሥጋ የሌለው ወጥ የክርስቲያን የጾም ምግብ ብቻ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ምንም ጾም በሌለበት ወር ምስር የምትቀቅል ሙስሊም ልትጠመቅ ነው ብለው ደመደሙ፤ ኮምቦልቻ ላለው ወንድሟ ለኸይሩም ደውለው እህትህ ሃይማኖቷን ለወጠች አሉት። እሱ እያለቀሰ ሲደውልላት ከአጠገቧ ነበርኩ። «ዋላሂ ኸይሩ፣ ምስር ነው የበላሁት፤ ምስር ደግሞ አይሰግድም፣ አይሳለምም» አለችው። በዚያው ሳምንት እኔን እንዳሰለመችኝ ለእናቴ ነገሯት። አንድ ድስት ምስር በሰባት ቀን እሷን ክርስቲያን፣ እኔን ሙስሊም ማድረግ ከቻለ፣ ሰባኪዎች ሁሉ ሥራቸውን ሊለቁ ይገባል።

አራተኛ፣ ቅዳሜ። ቀመሪያ ከእሳት የወረደውን ድስት ካርቶኑ ላይ አስቀምጣ በጭልፋ ስታወጣ ገቡ። «ኸላስ፣ በቃ፣ ቤቴን የሐዘን ቤት አደረጋችሁት» ብለው የሥጋውን ቢላዋ መክተፊያው ላይ ሰክተው አቆሙት። ቀጥላ ምስር የምትጥደውን ሴት እጅ እንደዚሁ እንደሚሰኩት አሳወቁን። ከዚያ ድስቱን በእግርዎ መቱት። ምስር እንደ ውሃ አይፈስም፤ ይጣበቃል። ከክንዷ ላይ ስንጠርገው ቆዳዋ አብሮ መጣ። እርስዎ ተሻግረዋት ማቀዝቀዣውን ከፈቱና ጥብስዎን ጣዱ፤ እኛ ውሃ ስናፈስባት ሽንኩርት አቀብሉኝ አሉ።

አምስተኛ፣ ሽንኩርቱን አላቀበልንዎትም። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስለዚህ ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው። ሥጋ የቀነሰ ሰው ይደክማል እያሉ ሲመክሩን ተጠራጥረን ነበር፤ ያልቀነሰ ሰው ጉልበቱ ምን እንደሚሠራ ግን በማያሻማ መንገድ አሳይተውናል። ከሁሉም በላይ የምናደንቀው ሰኞ ያመጡትን ወረቀት ነው። ቀመሪያ «ድስቱን ራሴ ደፋሁት» ብላ ካልፈረመች ዓርብ ሻንጣዋን ይዛ እንድትወጣ አዘዋል። ሆቴሉ እስከ እሑድ ብቻ ታግሷታል፤ ማደሪያ ካጣች ሹግሉም፣ ማለትም ሥራዋ፣ እንደሚቀር ያውቃሉ። የምትፈርምበትን እጅ ካቃጠሉ በኋላ ፊርማ መጠየቅ ለሌላ ሰው የማይመጣ ሐሳብ ነው።

በደረቅ መሬት ላይ፣ ከእግርዎ በቂ ርቀት ቆሜ፣ ወደር የሌለውን አክብሮቴን የማቀርብልዎ፣
ኤዶም ሳህሉ
ከመስኮቱ ሥር ያለው የላይኛው አልጋ

በኋላ የታወሰኝ፦ ድስቱ ጎኑ ቢጎደጉድም አያፈስም፤ ለነገ ሽምብራ ነክረንበታል። ቀመሪያ በግራ እጇ መጻፍ እየተለማመደች ነው። እስካሁን አጥርታ የጻፈችው የእርስዎን ስም ከነአባትዎ ነው። ከስሙ በታች የሚቀጥለው የእርስዎ ወረቀት ይሁን ወይም ለፖሊስ ጣቢያ የሚቀርብ ክስ፣ ገና አልወሰነችም፤ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አሳውቃለሁ ብላለች።