ስም የሌላቸው አርባ ሰባት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ተራ ቀን። ሻይ፣ ስክሪን፣ ዝምታ። ደንበኞቻችን የሆኑት ክሊኒኮች የሚጠቀሙበትን ሲስተም በሙሉ ወደ ኮድ የሚቀይረው ፕሮግራም ሥራውን ጨረሰ። አርባ ሰባት ክፍል፦ ሪሶርስ_0፣ ሪሶርስ_1... እስከ ሪሶርስ_46። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለእነዚህ መልአክ አልደረሰላቸውም። አለቃዬ ግን ደስ ብሎታል። «ይሠራል አይደል? በቃ።»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
መሰየም ጀመርኩ። አንዱን ከፈትኩ፣ ምን እንደሚሠራ አየሁ፣ «የላቦራቶሪ_ውጤት» አልኩት። ፕሮግራሙ፦ ሪሶርስ_9 ይጠፋል፣ አዲስ ይፈጠራል! ከኮዱ የጠፋ ከክሊኒኮቹም ይጠፋል። ስሙ ሲቀየር ሌላ ዕቃ መስሎታል። የድሮውና አዲሱ አንድ መሆናቸውን የሚነግር መስመር ጻፍኩለት። ረጋ አለ። እኔ ግን አልረጋሁም።
አጠገቤ የሚቀመጠው፣ ጥድፊያ የምንለው፣ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ልደታቸውንስ መቼ እናክብር?»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
አለቃዬ መጣ። «ሪሶርስ_17 የሙከራ መዝገብ ነው። ዓርብ አጥፊው።»
«በምን አወቁ?»
«ሲስተሙ ሲሠራ በእጅ የተጻፈው የድሮው ዝርዝር ላይ ተራ ቁጥሩ 17 ነዋ።»
«ምን እንደሆነ ሳላይ አላጠፋም።»
«እምቢ ነው?»
«እምቢ ነው።»
«እንግዲያው ጥድፊያ ያጠፋዋል። አንቺም ሌላ ሥራ ፈልጊ።»
ቃሌን አላጠፍኩም። ምን አገባሽ? አልኩ ለራሴ፣ መንገድ ላይ። ያገባኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ከፈትኩት። የታካሚዎች ቀጠሮ! የእውነተኛ ሰዎች። የእህቴ የእርግዝና ክትትል ሳይቀር... ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት። እንዴት? ለካ የድሮው ዝርዝር ከአንድ ነው የሚቆጥረው፣ ፕሮግራሙ ከዜሮ። የሙከራው ሪሶርስ_16 ነው። በአንድ ቁጥር ተሳስተው ነበር!
ሁለቱንም ሰየምኩ። ሳላስፈቅድ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ጥድፊያ ሊያጠፋ ተቀመጠ። 17ን ፈለገ፣ የለም። በቦታው «የታካሚዎች_ቀጠሮ» ይላል። እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ።
«ኧረ ጉድ! አለቃ፣ ይምጡማ። እኔ ይሄን አልነካም።»
አለቃዬ ቆሞ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ሌላ ሥራ ፈልጊ ያለኝን ዳግም አላነሣውም፣ ይቅርታም አላለም። አልጠበቅኩም። ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«የሙከራውስ... ስሙ ማነው?»
ቁጥሩን አልጠየቀም።
ነገርኩት። ከዚያ ሪሶርስ_0ን ከፈትኩ። አርባ አራት ይቀራሉ።