መስኮቱ ላይ የቀረው ገጽ

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህንስ ብርዱ እንዴት አደረገው? የላክሁልህ ሹራብ ደረሰህ ወይስ እንደ ፊተኛው ከበር ተመለሰ? እኔ ደህና ነኝ። እናታችንም ጆሮዋ ደከመ እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው። ደብዳቤዬን ካንተ ቀድሞ ለሚያነበው የበር ኃላፊም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ስምንት ወር ሙሉ ጉዳችንን ሲያነብ ከርሞ እሱስ ቤተሰብ አልሆነም ትላለህ? መስመሬ እንደ ልማዱ ዳገት እየወጣብኝ ነው፤ ታገሠኝ። ቀጥ አድርጎ መጻፍ ማን አስተማረኝ? እኔን ያስተማረኝ የምክር ቤቱ ማባዣ ክፍል የሚጥለው የተበላሸ ቅጂ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ደስ የሚል ነገር ስለሆነ ተቀምጠህ አንብበው።

ያ የአገር ደኅንነት አዋጅ ረቂቁ መጀመሪያ ሲመጣ ሃያ ሁለት ገጽ ነበር። ሳባዛው አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ስደርስ እጄ ከማባዣው ማሽን ላይ ቀረ። የተጠረጠረን ሰው ፍርድ ቤት ሳያቀርቡ አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ ማቆየት ይቻላል ይላል። እስካሁን ያላንዳች ወረቀት የተደረገብህን አሁን ሕግ ሊያደርጉት ነው ማለት ነው። አለቃችን ‹‹ቶሎ በሉ›› (ሌላ ነገር ሲናገር ስላልሰማን ያወጣንለት ስም ነው) መጥቶ ቶሎ በሉ እስኪለኝ ድረስ ደርቄ ቆሜ ነበር።

በመጀመሪያው ንባብ ርዕሱ ተነበበ፣ ጥቂት ሰዎች ተናገሩ፣ ከዚያ ለቋሚ ኮሚቴው ተመራ። ኮሚቴው ሕዝቡ አስተያየት ይስጥበት ብሎ አዳራሹን ከፈተ፤ መናገር ለሚፈራም በሩ ላይ የእንጨት ሳጥን አስቀመጠ። በሦስተኛው ቀን፣ ማይክሮፎን ስለማያስፈልጋት ‹‹ነጎድጓድ›› የምንላት የኮሚቴ አባል ከሳጥኑ አንድ ወረቀት አወጣች። ስም የለበትም። በተበላሸ ቅጂ ጀርባ የተጻፈ ነው፤ መስመሩም ሁሉ ወደ ላይ የሚወጣ ነበር። ‹‹ነገ ስለሚያዘው ሰው ብዙ ጻፋችሁ፤ ዱሮ ተይዞ ቁጭ ያለውንስ ማን ይቁጠረው?›› ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰብሳቢው የማን ነው ብሎ ጠየቀ። እኔ ግድግዳው ጥግ ወረቀት እቆጥር ነበር። የክፍሉ ሙቀት ነው መሰለኝ ጆሮዬ ተቃጠለ።

ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቁ። አንቀጽ አሥራ አራት ወደ አርባ ስምንት ሰዓት ወረደ። መጨረሻ ላይም አንዲት አንቀጽ ተጨመረች፦ አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ተይዞ ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው፣ አዋጁ በወጣ በአሥር ቀን ውስጥ ይቀርባል ወይም ይለቀቃል። ሃያ ሁለት ገጹ ስለ ሞላ ለብቻዋ ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተቀመጠች።

አሁን ጉዴን ስማ። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ጠዋት ገጾቹን በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ደርድረን፣ እየዞርን ከየክምሩ አንድ አንድ እያነሳን እንጠርዛለን። ይህን ረቂቅ አራት ጊዜ እንዲህ ዞረንበታል፤ አራቱንም ጊዜ ሃያ ሁለት ነበር። እግሬ ሃያ ሁለት ላይ መታጠፍ ለምዷል። ጠረጴዛው ስለ ሞላ ሃያ ሦስተኛውን ክምር መስኮቱ ላይ ያስቀመጥሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ። ጥራዙ ሁሉ ወደ አዳራሽ ከሄደ በኋላ መስኮቱን ልዘጋ ስጠጋ ክምሩ እንዳለ አለ። አንድ ቅጠል እንኳ ከላዩ አልተነሳም! በቃሌ የማውቃትን፣ ስተኛ ስነሳ የምደግማትን ገጽ በገዛ እጄ አስቀረኋት።

ለቶሎ በሉ ነገርሁት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ በይ አለኝ። በኋላ በደብዳቤ ይታረማል አለ። እኔ ግን በዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ፤ እጅ ሲያወጡ በፊታቸው ያለው ነው የሚጸድቀው። ክምሩን እንደ ሕፃን አቅፌ ደረጃውን ወረድሁት። የአዳራሹ ዘበኛ ስብሰባ ተጀምሯል፣ ሰው አይገባም ሲለኝ፣ ሰው አይደለም ወረቀት ነው የሚገባው አልሁት። ስቆ አሳለፈኝ።

አፈ ጉባኤው የምትደግፉ ሊል አፉን ሲከፍት እኔ ከኋላው ረድፍ ማደል ጀምሬአለሁ። ንግግሩን አቋርጦ፣ ያቺ ሴትዮ ምንድን ነው የምታድለው ብሎ ጠየቀ። ቤቱ በሙሉ ዞረብኝ። ድምፄን እዚያ ቤት ማን ሰምቶት ያውቃል? ግን ወጣ። የቀረውን ገጽ ነው ክቡር አፈ ጉባኤ፤ ጥፋቱ የኔ ነው አልሁ። ይኼኔ ነጎድጓድ ብድግ አለች። ያለዚህ ገጽ የኮሚቴዬ ሥራ ጎዶሎ ነው፤ ሴትዮዋ እስክትጨርስ ቤቱ ይጠብቅልኝ ብላ አንጎደጎደች። ጠበቁኝ! አንድ ሽማግሌ አባልም አንቺ ስጪ፣ እኔ ላቀብል ብለው ረድፋቸውን አደሉልኝ።

ከዚያ እጆች ወጡ። አሥራ አንድ ሰዎች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ ጥቂት ተቃወሙ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። የኔም እጅ አብሮ ወጥቶ ነበር ብሎ ዘበኛው እስካሁን ይስቅብኛል።

‹‹ቶሎ በሉ›› ገጽ በማስቀረቴ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ። በሦስት ቅጂ ያባዛሁትም እኔው ነኝ። በማግስቱ ነጎድጓድ ክፍላችን ድረስ መጣች። በእጄ ጽፌ ማሽኑ ላይ የለጠፍኋትን ‹‹እባካችሁ ሽፋኑን ዝጉ›› የምትል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ያቺ ነጎድጓድ፣ ጽሕፈትሽ ደስ ይላል ብላ በሹክሹክታ ነግራኝ ሄደች።

አዋጁ ትናንት በጋዜጣ ወጣ። ከትናንት ጀምረህ አሥር ቁጠር። ገጿን እዚህ ውስጥ አጥፌልሃለሁ፤ ለአንተ የተበላሸ ቅጂ አልልክም፣ ንጹሕ ናት። የበሩ ኃላፊም ደጋግሞ ያንብባት። ለእናታችን አሥር ቀን ብላት፣ አምስት ይበቃቸዋል ብላ ጫማህን ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ደጃችንን በገዛ እግርህ የምትረግጥበትን ቀን ያቅርብልን።

መስመሯ ዳገት የሚወጣባት
ታላቅ እህትህ