የኩሽናው ማብሪያ አሁንም መኪናህ ውስጥ ነው

ታዴዬ፣ የኔ ሰው፣

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ስል እጄ ተያዘ። ለሄደ ሰው እንዴት ነህ ይባላል እንዴ? ግን ከአንተ ጋር ሌላ የጨዋታ አጀማመር አላውቅም፤ ስለዚህ እንዴት ነህ። ከተለየኸን ወዲህ ሙት ዓመትህ አልፎ፣ ከዚያም በኋላ አንድ ሙሉ ክረምት ገብቶ ወጣ። እኛ ደህና ነን። የሳሎኑን መጋረጃ ቀይሬዋለሁ፤ አንተ የምትጠላውን ቢጫውን አንስቼ ማለት ነው። ገርጂ እንደ ድሮው ነው፣ አቧራውም ጭቃውም ተራውን ይጠብቃል።

ትልቁ ወሬ ብሌን ተዳረች። ልጃችን! ቀስ በል፣ ሁሉንም እነግርሃለሁ። የሠርጉን ከመንገሬ በፊት ግን የመኪናህን ነገር ልንገርህ፤ ሠርጉ ሊበላሽ የነበረው በእሷ ነው፣ ያማረውም በእሷ ነው።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ ብሌን ቁጭ ብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "ከቤት የምወጣው በአባዬ መኪና ነው" አለች። ወንድምህን ግርማን ታውቀዋለህ፣ ዝም አይልም። "የሙሽራ መኪና የሚያመጣው ሙሽራው ነው! ደግሞስ ሽጧት ስላችሁ የኖርኩትን ያቺን ቆርቆሮ ማን ሊነዳት?" አለ። ብሌን ወደ እኔ ጠቆመች። እሱማ ከወንበሩ ሊወድቅ! "የሙሽራ እናት ሹፌር ሆና የት አገር ታየ? መንገድ ላይ ፈልታ በእንፋሎት ታፍናችሁ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ያንን ነው የሚቀርጸው!" አለና ሳቀ። ሙሽራው ናሆም ግን የተባረከ ልጅ ነው፤ "እኔ ከኋላ ከብሌን ጋር እቀመጣለሁ፣ እማማ ከነዳችልን ደግሞ ማንም አይጋፋንም" አለ። በዚያው ወደድኩት።

አፌን ሞልቼ "እሺ፣ እነዳለሁ" አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቼ ነበር። የሠርግ አጀብ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ ክላክሱ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይንቀሳቀስም። ለአሮጌ መኪና ከዳገት ይልቅ እንዲህ ያለው ቆሞ መሄድ ነው የሚከፋው። ብሌን ደግሞ የጠየቀችኝ ይህን አንድ ነገር ብቻ ነው። አንተ ክንዷን ይዘህ ልታወጣት አትችልም፤ መኪናህ እንኳ ታውጣት።

ስለዚህ ልሞክራት ብዬ ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ጥቅጥቅ ሲል፣ ወደ አየር ማረፊያው ይዣት ወጣሁ። ከምትሠራበት ከጭነት ክፍል ስትወጣ እየጠበቅኩህ አብረን የምንመለስበት መንገድ ነው። ትዝ ይልሃል፣ አንተ መሪውን ትይዛለህ፣ እኔ የሙቀቱን ጌጅ አያለሁ። መርፌዋ ከመሃል ከፍ ስትል "እሙዬ፣ ማራገቢያ!" ትላለህ፣ እኔ ደግሞ ዳሽቦርዱ ሥር ያሰርካትን ማብሪያ ቀጭ አድርጌ የራዲያተሩን ማራገቢያ አስነሳለሁ። ኩሽናችንን ስታሠራ የተረፈችው ነጭ የቤት ማብሪያ! ሰው ሲያያት ይስቃል፣ አንተ ደግሞ "ቤትም መኪናም አንድ መብራት ነው" እያልክ ትኮራባት ነበር።

ያን ቀን ግን ብቻዬን ነኝ፤ መርፌዋም ወጣች፣ እኔም ቀጭ አደረግኳት። ትንሽ ቆይቶ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሸተተኝ። ማብሪያዋን ብነካት ትፋጃለች። ማራገቢያው ዝም አለ፣ ኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ተነሳ። ጥግ ይዤ አጠፋኋት። ወጣቶች ከበቡኝና "እማማ፣ እንግፋልሽ?" ይሉኛል። እማማ! ናሆም ሲለኝ አማች ነው ብዬ ችዬዋለሁ፣ እነዚህ ምን ቤት ናቸው? አንዱ የራዲያተሩን ክዳን ልክፈት ብሎ እጁን ሲሰድ "ዞር በል፣ ፊትህን ሊልጠው ነው!" ብዬ ጮኽኩበት። ይህንን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ በእጅ ተነክቶ እስኪቻል አይከፈትም።

ግርማ ይህን ሲሰማ መኪና ልከራይላችሁ አለ። እኔ ግን እዚሁ ገርጂ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጀማል የሚባል ሰው ጋ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦህን ተከትሎ ሄደ ሄደና "እትዬ፣ ይሄ እኮ የቤት ሽቦ ነው" አለኝ። "አውቃለሁ፣ ማብሪያዋም የቤት ናት" አልኩት። ማራገቢያ ሲነሳ ብዙ ኮረንቲ እንደሚስብ፣ ቀጭን ሽቦ ደግሞ እንደሚግል አስረዳኝ። ያ ሁሉ ኃይል በዚያች ሚጢጢ ማብሪያ ነበር የሚያልፈው። እስከዛሬ መቆየቷ ነው የገረመው።

ከዚያ ሶፍት አምጪ አለኝ። ሞተሩን አስነስቶ፣ ማራገቢያውን በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ፣ ሶፍቷን ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ያዛት። ማራገቢያው ከኋላ ሆኖ ነፋስ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት፤ ሶፍቷም ራዲያተሩ ላይ መለጠፍ አለባት። እሷ ግን ፍርር ብላ በጀማል ትከሻ ላይ በረረች። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና በረረች። ታዴዬ፣ ማራገቢያውን ገልብጠህ ነው ያሰርከው! ሁለቱም ሽቦ ነጭ ስለሆነ ፕላሱና ማይነሱ ተምታተውብሃል፣ እሱም ወደ ኋላ ሲዞር ኖሯል። መኪናዋ ስትሄድ ነፋሱ ከፊት ይመጣል፣ ያንተ ማራገቢያ ደግሞ ከውስጥ ይገፋል፤ ሲገፋፉ ነው የከረሙት።

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ጀማል ምን ነካት ብሎ ቆመ። ለካ ዘበኛችን ጋሽ ዘለቀ ጠዋት ጠዋት መኪናህ ፊት እየቆመ እጁን የሚያሞቀው ለዚህ ነው! አንተ ሞተሩን አስነስተህ ማብሪያዋን ስትሞክር እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ከፊት ይገተራል። "የታደሰ መኪና ደግ ናት፣ ለሰው ታስባለች" ይል አልነበር? ያ ሙቀት መውጣት የነበረበት ወደ ኋላ ነበር እኮ። ለስንት ዘመን የኮንዶሚኒየሙን ዘበኛ ስታሞቅ ኖረሃል። ይህን በሕይወት እያለህ ባውቅ ኖሮ እንዴት አድርጌ እንደምተርብህ!

ጀማል ሥራውን ጀመረ፣ እኔም ምን እንደሚያደርግ እያንዳንዱን ጠየቅኩት። ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው አመጣ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገባ፣ ፕላሱን ቀይ ማይነሱን ጥቁር አደረገ። መሃል ላይ ሪሌ የምትባል ትንሽ ጥቁር ሳጥን አሰረ። ራዲያተሩ ላይ ደግሞ ውሃው ሲግል ሪሌዋን በራሱ የሚያዝዝ ነገር ገጠመ። ሶፍቷን መልሰን ሞከርን፤ ልጥፍ አለች። እኔ ጎረቤት እስኪሰማ እልል አልኩ።

መጨረሻ ላይ ማብሪያህን ሊነቅላት መፍቻ ያዘ። "ተዋት" አልኩት። "እትዬ፣ አሁን እኮ ሁሉም በራሱ ነው፣ ምን ትሠራለች?" አለኝ። ባሌ ያሰራት ናት አልኩት። መፍቻውን አስቀመጠ። ከዚያ እሷንም ከሪሌዋ ጋር በቀጭን ሽቦ አገናኛት። ያንን ሁሉ ኃይል የምትሸከመው ሪሌዋ ናት፤ ያንተዋ ማብሪያ ትእዛዝ ብቻ ነው የምትሰጠው። ከእንግዲህ አትግልም፣ አትቀልጥም። እኔ ስፈልግ ግን ቀጭ አድርጌ ማራገቢያውን ማስነሳት እችላለሁ። ጠርዟ ትንሽ ተለብልባለች፣ እሱም ይቆይ ብዬ እንዳለች ተውኳት።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። የሀበሻ ቀሚሴን ለብሼ፣ ጫማዬን ለመንዳት እንዲመቸኝ ጠፍጣፋ አድርጌ፣ ከመሪው ኋላ ተቀመጥኩ። ብሌን ከቤት ስትወጣ ቀና ብላ መኪናህን አየችና አንገቷን ሰበር አደረገች፤ ማን እንደጎደለ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ዘለቀ በሩን ከፈተላት። ለእኔ ደግሞ ጠጋ ብሎ "ምን አደረጋችኋት? ከተሠራች ወዲህ አታሞቅም!" ብሎ አጉረመረመ። እያሳቀኝ ነው ከግቢ የወጣሁት።

እስከ ቦሌ ድረስ ቀስ እያልን ሄድን። ኦሎምፒያ ጋ ስንደርስ ግን መንገዱ ድርቅ አለ። ቪዲዮ ቀራጩ ከፊታችን፣ የናሆም ጓደኞች ከጎናችን፣ ግርማ ከኋላችን ነው፤ የእሱ ክላክስ ከሁሉም በላይ ይጮኻል። መርፌዋ መነሳት ጀመረች። ከኋላ ብሌንና ናሆም ወደ ጌጁ አንገታቸውን አሰገጉ። መሃሉን አለፈች። እጄ በልማድ ወደ ማብሪያህ ሄደ። ገና ሳልነካት ግን ከፊት "ውውውው" የሚል ድምፅ ተነሳ። ማራገቢያው ነው፣ በራሱ። መርፌዋ ቆመች፣ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች።

ብሌን ያንን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝታ ያደገችበት ነው። ትከሻዬን ያዘችና "እማዬ፣ አንቺም አድርጊው" አለችኝ። ማራገቢያው እየዞረ ነው፣ የምጨምረው ነገር የለም። ግን ቀጭ አደረግኳት። እናትም ልጅም አለቀስን፤ ናሆም ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮን አለቀሰ። አዳራሹ ድረስ አንዲት ጠብታ ሳትፈላ አስገባኋቸው። ግርማ ወርዶ ኮፈኑን በመዳፉ ነካ ነካ አደረገና "አልጋለችም እኮ!" አለ። "ቆርቆሮ አይደለች?" አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መሸጥ አንስቶ አያውቅም።

አሁን ቤቱ ጭር ብሏል፣ አልዋሽህም። ግን አልከፋኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ብሌን ጋ በመኪናህ እሄዳለሁ፣ ብቻዬን። መንገዱ ሲዘጋ ማራገቢያው በራሱ ይነሳል፣ እኔን አይጠብቀኝም። እኔ ግን ሁልጊዜ እጄን ወደ ዳሽቦርዱ ሥር ሰድጄ ማብሪያህን ቀጭ አደርጋታለሁ። ለመኪናዋ አይደለም። "እሙዬ፣ ማራገቢያ" ስትለኝ ሰምቻለሁ ማለቴ ነው። መሪ እስከያዝኩ ድረስ እመልስልሃለሁ።

ያንተው እሙዬ